ለዘጠና ዘጠኝ የሚካፈለው ስልክ

በየከተማው ቁጥርን በሰላም የማያሳልፍ አንድ ሰው አለ። ለቡታጅራ የደረሱት ጡረታ የወጡት የሒሳብ አስተማሪ፣ ሊቀ አካፋዮች መምህር አምሀ ናቸው።

ባጃጅ ሲያልፍ ታርጋው፣ ሱቅ ሲከፈት የንግድ ፈቃዱ ቁጥር አያመልጣቸውም። «ቆይ፣ ልፈትሸው» ይላሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ እንጉርጉሮ ያዜሙታል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት የሟቹን የመታወቂያ ቁጥር አይተው «ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል! ለካ እንዲህ ያለ ሰው ነው የሞተብን» ብለው አልቃሹን ሁሉ ጸጥ አሰኝተዋል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሰፍያ እሳቸው ብቅ ሲሉ ወረቀት የምትፈልግ መስላ ማሽኑ ሥር ትገባለች።

ማክሰኞ ጠዋት ግን አልቻለችም። ወንድሟ ሙንታሲር ወደ ሞያሌ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድምፁም ጠፍቶ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የወንድሟን ስልክ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ሰጥቷት ነዳ። የእሷ ስልክ ባትሪ ጨርሷል፤ መብራት የለም። መምህሩ ደግሞ ወረቀቱን ወስደው ማዜም ጀምረዋል።

«ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» ብላ ነጠቀቻቸውና ጀነሬተር ወዳለው ሱቅ ሮጠች። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛት። ስልኳ ነፍስ ሲዘራ ወረቀቱን ዘረጋችው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ሰማያዊ ኩሬ ሆነዋል።

የሹፌሩን ስም እንኳ አልጠየቀችም። ቁጥሩን ያየ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሮጣ ስትመለስ መምህሩ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ ዝናቡን ተጠልለው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቁጥር ያስታውሱታል?»

«ኧረ እኔ ቁጥር መያዝ አልችልም። የራሴንም ስልክ አላውቀው።»

ሰፍያ የራሰውን ወረቀት ዘረጋችላቸው።

«ብቻ ለዘጠና ዘጠኝ ይካፈል ነበር፤ ምንም ሳይተርፍ» አሉ መምህሩ። «የሰው መልኩ ቢረሳ ጸባዩ ይረሳል እንዴ?»

የተረፉትን ስምንት አሃዞች ሁለት ሁለት አድርገው ቆረጡና ደመሩ። መቶ ሰባ አንድ።

«እንዲህ ያለ ቁጥር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲደመር ድምሩም ለዘጠና ዘጠኝ መካፈል አለበት። ቀጣዩ መቶ ዘጠና ስምንት ነው። የጎደለሽ ሃያ ሰባት። ደውዪ።»

ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ደወለች። ይሄን ሁሉ ዓመት ማሽን ሥር የተደበቀችው ከዚህ ነው?

ጠራ። ጠራ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

የሙንታሲር ድምፅ ነው፤ ትንሽ ጎርነን ብሏል። «ሰፍያ ነኝ» ለማለት ሦስት ጊዜ ሞከረች። በወዲያኛው በኩል የታፈነ ለቅሶ መጣ። ሁለቱም ሲረጋጉ «ይሄ ሲም አያስተማምንም፤ ነገ እቀይረዋለሁ» አላት።

መምህሩ መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ እየወለወሉ ሊወጡ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘችና ወንበር ሳበችላቸው።

«አዲሱን ስታወጣ መጀመሪያ ለጋሼ አምሀ ትነግራቸዋለህ» አለችው። «እሳቸው ሳይፈትሹት አልቀበልህም።»