ለአምስት ዓመት ልጅ የሞንታርቦ ፈቃድ

ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ወር ሆናት።

ይኼን ያስቀደምኩት ሌላ ሰው ሹክ ሳይላችሁ ብዬ ነው። ሰው ይኼን ከሰማ በኋላ ከእኔ ጋር የሚያወራው ስለ ዝናብ ብቻ ነው። ቦንጋ ላይ ደግሞ ስለ ዝናብ ስንት ቀን ይወራል? ይዘንባል፤ አለቀ።

ሥራዬ ቀበሌ ነው። ሞንታርቦ ተክሎ መጨፈር የፈለገ ሁሉ እኔ ጋ መጥቶ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ «የዝግጅቱ ዓይነት» የምትል መስመር አለች። ለዚህች አንዲት መስመር አማርኛ ያከማቸውን ቃል ብታዩ ትገረማላችሁ። ድግስ፣ ፌሽታ፣ ፈንጠዝያ፣ ዳንኪራ፣ ቸበርቻቻ፣ አሸሼ ገዳሜ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነበሩ። ደረጃ ያወጣችላቸው ባለቤቴ ናት። ተቀምጠህ ከበላህ ድግስ ነው። ከተነሳህ ፌሽታ። ጫማ ከወለቀ ቸበርቻቻ። ጎረቤት ከእንቅልፉ ተስፋ ቆርጦ ራሱም ከመጣ፣ ያ አሸሼ ገዳሜ ነው። ሰዎቹንም ትለያቸው ነበር። ተጠርቶ የመጣ እድምተኛ፣ ሳይጠራ መጥቶ የሚበላ ቀላዋጭ፣ ሳይጠራ መጥቶ ሰውን ሁሉ የሚያስነሳ አድማቂ። እሷ አድማቂ ነበረች። እኔ ጫማዋን ያዥ።

ከእሷ ወዲህ ቀበሌያችን ጭፈራ የሌለበት ቀበሌ ሆኗል። በወረቀት ማለቴ ነው። ሰው እኔን ሲያይ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? ምርቃት «አጭር ምስጋና» ይሆናል። ክርስትና «ቤተሰባዊ ምክክር»። አንድ ወጣት የቀለበት ፕሮግራሙን «ውይይት» ብሎ ሞላው። ከማን ጋር እንደሚወያይ አልጠየቅኩትም፤ እጮኛው ጥፍሯን ተቀብታ አጠገቡ ቆማለች።

ቤቴም ያው ነው። ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ነበር፤ እሁድ። መጀመሪያ «ልደቴ» ትል ነበር። አያቷ፣ አማቴ እትዬ አበበች፣ የእናትሽ ዓመት ሳይሞላ ምን ልደት አለ ብለው ተቆጧት። ከዚያ ወዲያ ልጄ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ «አባ፣ እሁድ ያ ነገር አለ?» ማለት ጀመረች። እናያለን እላታለሁ። እናያለን ማለት የለም ማለት እንደሆነ አምስት ዓመት ያልሞላውም ያውቃል።

አርብ ዕለት ጋሽ ታደሰ መጡ። የኮረሪማ ነጋዴ ናቸው። በማግስቱ የልጃቸው ሰርግ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቅጹ ላይ «አነስተኛ መሰባሰብ፣ ሦስት መቶ ሰው» ብለው ሞሉ። እኔም ተቀበልኳቸው። ከሰባት ወር ወዲህ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልችልም፤ ወንበሬ እንደ አዲስ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ወረቀቱን ራሴ ወደ ኃላፊው ይዤ ገባሁ።

ኃላፊያችን ከደካ ተዛውሮ ከመጣ ሳምንቱ ነው። የእኔን ነገር ማንም አልነገረውም። አነበበና ጋሽ ታደሰን አስጠራቸው።

«አባቴ፣ ለመሰባሰብ ሞንታርቦ ምን ያደርጋል?»

«ከኋላ ያለው ሰው እንዲሰማ ነው።»

«አጀንዳው ምንድን ነው?»

ጋሽ ታደሰ እኔን አዩ። ጣሪያውን አዩ።

«አጀንዳ ከሌለው አልፈርምም።»

ያኔ ኮፍያቸውን አወለቁ። መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄን ልድር ነው» አሉ። ኃላፊው ነፍስ ይማር ሊል ትንሽ ቀረው።

ቅጹን ተቀብዬ በራሴ እጅ «ሰርግ፣ ከነጭፈራው» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ ና ልልህ ፈርቼ ነበር አሉኝ። ቀላዋጭ ሆኜ ከምመጣ ቢጠሩኝ ይሻላል አልኳቸው። ሳቁ። ወዲያው ሳቁን ዋጡት። ልጄ ሳቋን እንደዚያ ስትውጥ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ።

ሌላ ቅጽ አወጣሁ። አመልካች፣ እኔ። የዝግጅቱ ዓይነት፣ ልደት፤ ቸበርቻቻ። ታዳሚ፣ የሰፈሩ ሕፃናት በሙሉ። ሰዓት፣ እስከ አሥራ ሁለት። ኃላፊው ለልጅ ልደት ፈቃድ አይጠየቅም አለኝ።

«አውቃለሁ። ማኅተሙን ነው የምፈልገው።»

«ፖሊስ ያስቸግርሃል?»

«አማቴ ናቸው።»

ባለትዳር ነው መሰለኝ፤ ሌላ ሳይጠይቅ መታልኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤት ባጃጅ ያዝኩ። መቀመጥ ሲያቅተኝ ግማሽ መንገድ ላይ ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። እትዬ አበበች ወረቀቱን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ቁጣቸውን እየጠበቅኩ ቆምኩ።

«ቸበርቻቻ ይላል» አሉ።

«ይላል።»

«ይቺ የእሷ ቃል ናት።»

የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ ወረቀቱን መልሰው አዩት።

«እስከ አሥራ ሁለት ብቻ? የመንግሥት ነገር። ልጅ እኮ ገና ሲሞቀው ነው አሥራ ሁለት የሚሆነው።»

ቢሮው ተዘግቷል። እኔ ደግሞ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ የለውም እያልኩ ስንቱን ባለጉዳይ ከደጅ የመለስኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሥራዬ፣ አማቴ እስክሪብቶ አቀብለውኝ፣ አሥራ ሁለትን ሰርዤ አንድ ሰዓት ማድረግ ነበር።