የጋሽ በላይ እንኳን ደህና መጣሽ

የቴሌግራም ቡድን ገብታችሁ በዝምታ ለማንበብ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ጋሽ በላይ ባሉበት አይሞከርም። እዚህ አሜሪካ፣ ጋርላንድ ከተማ ባለው የቤተ ክርስቲያናችን ቡድን አዲስ ሰው ሲገባ፣ እየነዱም ቢሆን መኪናቸውን ዳር አቁመው ሰላምታ ይጽፋሉ። ከዚያ አባሉ ሁሉ «እንኳን ደህና መጣሽ» ማለት አለበት፤ ዝም ያለ እንደ አኩራፊ ይቆጠራል።

በቀደም ጣቴ ስቶ ከቡድኑ ወጣሁ። ማንም ሳያየኝ ልመለስ ብዬ ገባሁ። በስሜና በፎቶዬ ፋንታ አበባ ስለማደርግ ጋሽ በላይ አላወቁኝም፤ ከአበባው ሴት መሆኔን ብቻ ገምተው ጻፉ።

«አዲስ የመጣሽ እህታችን፣ አገሩን አትፍሪው። ራይድ፣ በመኪና የሚያደርስሽ ሰው ከፈለግሽ እኛ አለን። ለመሆኑ ብርድ ልብስ አለሽ?»

ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። አንዷ ምስር ወጥ ላምጣላት አለች፤ ሌላው ኤርፖርት ሥራ አገኘልኝ። «ኧረ እኔ ነኝ፣ ከኋላ የምቀመጠው» ብዬ ጻፍኩና፣ አፍሬ ሳልልከው አጠፋሁት።

እሑድ ጋሽ በላይ ብርድ ልብስ ታቅፈው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ላይ ቆመዋል።

«አዲሷ ልጅ የት አለች?»

እጄን አወጣሁ።

«አንቺ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ስልሽ አልነበር እንዴ?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ጣቴ ስቶ ነው።»

ብርድ ልብሱን አስታቀፉኝ።

«እንኳንም ሳተ። ለመሆኑ ስምሽ ማን ነው?»

እነሆ፣ በሁለት ዓመቴ አዲስ አባል ሆንኩ።