የአቶ ጁምዓ ዋዛ

እግዚአብሔር በየሰፈሩ አንድ የማይሸጥ ሻጭ አስቀምጧል። ታውቁታላችሁ። ከአሥር ዓመት በፊት ሥራ ያቆመ የልብስ ስፌት መኪናውን «ሰው ባገኝ እሰጠው ነበር» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል፤ ሰው ሲገኝ መኪናው ድንገት የእናቱ መታሰቢያ ይሆናል። ጎንደር ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጡረተኛ፣ የኋላ ጎማ የሌለው ብስክሌታቸውን ለመሸጥ በራቸው ላይ ወረቀት ለጥፈው ነበር። ገዢ ሲመጣ ወረቀቱን ይገነጥሉታል፤ ገዢው ሲሄድ መልሰው ይለጥፉታል። እኔ የዚህ ወገን ሰዎችን አይቼ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር፤ አሶሳ ተመድቤ ክቡር አቶ ጁምዓን እስካውቅ ድረስ።

አቶ ጁምዓ ዋዛ ነበራቸው። ዋዛ የበርታ ሕዝብ የሚነፋው የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ረጃጅም ቅሎች አንዱ በሌላው ተሰክተው፣ በቀርከሃ ልጥ ታስረው ይሠራል። አንድ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚነፋ የለም፤ ሰዎች ተሰልፈው እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ድምፅ ጣል ያደርጋል፣ ዜማው ከሁሉም አፍ ተለቃቅሞ ይወጣል። ከደጋ የመጣነው ሠራተኞች ስሙን ስንሰማ ሳቅን፤ በእኛ ቋንቋ ዋዛ ቀልድ ነውና። ባለቤቱ ግን የዋዛ ሰው አልነበሩም።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት 1986 ነው። ክልሉ ያኔ ክልል ስድስት ይባል ነበር። የባህል ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤታችን ማኅተም እንጂ ወንበር አልነበረውም። አለቃዬ አቶ የሻው ግን አንዱን ባዶ ክፍል «ኤግዚቢሽን» ብለው ሰይመው፣ አንድ ከበሮና ሁለት እንስራ አስቀምጠውበት፣ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን ከመንጌ በኩል በጭነት መኪና የመጡ ረጅም ሽማግሌ በራችን ላይ ቆሙና ዋዛዎች እንዳሏቸው፣ ድሮ ይነፉ እንደነበር፣ አሁን እንደማይነፉ ተናገሩ።

«እኔ አይነፋም» አሉ የፊት ጥርሳቸው የነበረበትን ቦታ እያሳዩ። «ጥርስ ሄዳለች። ንፋስ በጎን ይወጣል። ውሰዱ።»

አማርኛቸው እንዲህ ነበረች፤ ጾታ አታውቅም። የእኔ በርትኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ በሰው ቋንቋ የምስቅበት ምክንያት አልነበረኝም። አቶ የሻው ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው የርክክብ ቅጹን በሦስት ኮፒ አስመቱ። እኔ ቅጹን ይዤ እንድሄድ ታዘዝኩ።

በመጀመሪያው ጉዞ አቶ ጁምዓ በክብር ተቀበሉኝና «ቡክራ» አሉኝ። ነገ ማለታቸው ነው። ባለቤታቸው ዘይነባ ወንዝ ወርዳ ወርቅ እያጠበች ነበር፤ እሷ ሳትኖር ዕቃ ከቤት አይወጣም። በሁለተኛው ጉዞ ዘይነባ ነበረች፣ ማሽላው ግን አልታጨደም ነበር፤ ማሽላ ቆማ ዋዛ አይነካም። በሦስተኛው ማሽላው ታጭዷል፣ ዋዛዎቹ ግን «ደክመዋል»። በአራተኛው መኪናችን ፊቷን ወደ ሱዳን አዙራ ቆማለች ተባለና ሾፌራችን እያጉረመረመ አዞራት። አዙሮ ሲጨርስ አቶ ጁምዓ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ።

«ኡስታዝ፣ ዛሬ ቀኑ ጁምዓ ነው። ስሜም ጁምዓ ነው። በራሴ ቀን አልሰጥም።»

በመሥሪያ ቤቱ «የቡክራ ሚኒስትር» ብለን ሾምናቸው። ሾፌሩ መንጌ በተባለ ቁጥር ጥርሱን ያመው ጀመር። እኔ ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መሄዱን አልጠላሁትም ነበር። ሰውየው «ቡክራ» ካሉ በኋላ ቁጭ አድርገው ካላበሉ አይሸኙም፤ ስለ ሞቱ ነፊዎችም ሲያወሩ ሰዎቹ ከግድግዳው ጀርባ ያሉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

በሚያዝያ ለአምስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ከብዷል፣ በምዕራብ በኩል ደመና ቆሟል። አቶ ጁምዓ ለሶላት ሄደው ነበር። ዘይነባ ደጅ እህል ትወቅጣለች። እኔ ዋዛዎቹ ከተሰቀሉባት የቀርከሃ ጎጆ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ቢያንስ ቅጹን ልሙላ ብዬ እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

ነፋሱ መጣ። በጎጆዋ ስንጥቅ ገብቶ ዋዛዎቹን አገኛቸው። አንዱ ወፍራም ድምፅ አወጣ፤ ባዶ ማሰሮ ውስጥ ሰው እንደተነፈሰ ያለ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ነፋስ የሚነካውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይነካል ብዬ ነበር የማስበው፤ እነዚህ ግን ተራ ጠብቀው ነበር የሚነፉት። የዘይነባ ሙቀጫ ዝም አለ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ድምፆቹን ቆጠርኩና «ብዛት» በሚለው ቦታ ላይ ሰባት ብዬ ጻፍኩ።

ነፋሱ ሲያልፍ ለማረጋገጥ ገባሁ። ስድስት ነበሩ። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል አንድ ባዶ ኩላብ አለ፤ ሥሩ ያለው አቧራ እንኳ አልተነካም። እንደገና ቆጠርኩ። ስድስት። ወጥቼ ሳለ አቶ ጁምዓ ደረሱና፣ እኔም እንደ መንግሥት ሠራተኛ ቆጣ ብዬ ሰባተኛውን ለምን እንደደበቁ ጠየቅኳቸው።

«ስንት ሰማህ?»

«ሰባት።»

«አንተ ሰምተሃል?»

ባሉበት ቁጭ አሉ። ዘይነባ ዘነዘናውን ጥላ መጣችና በበርትኛ ዝግ ብላ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ሰውየው ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። በኋላ እንደገባኝ ለሦስት ዓመት ሁለቱም ሰባተኛውን ይሰሙ ነበር፤ አንዱ ለሌላው ግን አልተናገረም። እሳቸው እብድ እንዳትላቸው ፈርተው ነው፣ እሷ ሐዘናቸውን ላለመቀስቀስ።

ሰባተኛው የታናሽ ወንድማቸው የሐምዳን ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ሱዳኗ ኩርሙክ ሲሸሽ ሐምዳን ዋዛውን ተሸክሞ ተሻገረ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ከሌሎቹ ነፊዎች የሞተ ሞተ፣ ግማሹም ሱዳን ቀረ፤ ዋዛዎቻቸው እሳቸው ዘንድ ተሰበሰቡ። በዓመቱ ሰባተኛው ድምፅ መጣ። አቶ ጁምዓ፣ ድምፁ ካለ ሰውየውም በሕይወት አለ ብለው አመኑ። ነገር ግን መስማቱ አደከማቸው። ጥቅምት ላይ ውሰዱልኝ ብለው የመጡት ለዚህ ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ መኪናው ላይ ሌላ ሐሳብ ያዛቸው፤ ስድስቱ ከሄዱ ሐምዳንን ማን ይጠራዋል?

ያን ቀን ቅጹን አጥፌ በኪሴ ከተትኩ። ግንቦት ላይ ግን ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ሆነ። አቶ የሻው ጠርተውኝ በሁለት እንስራ እንግዶቹ ፊት ማፈር እንደማይፈልጉ፣ ያለ ዋዛ ከተመለስኩም በደብዳቤ እንደሚጠይቁኝ ነገሩኝ። ሄድኩ። ስለሰማሁት ድምፅ ለአለቃዬ ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሲጀመር የሚያስቅ፣ ሲጨረስ ከሥራ የሚያባርር ወሬ መሰለኝና ዋጥኩት።

አቶ ጁምዓ «ቡክራ» አላሉም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ምክንያት አልደረደሩም፣ መኪናዋን አላስዞሩም። ራሳቸው አንድ በአንድ አውርደው በሰሌን ጠቀለሉ፤ ቅጹ ላይ አሻራቸውን አኖሩ። የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሰቅላቸው በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ቦታ እንድተው።

ተውኩ፤ ሚስማር ጭምር መታሁበት። እንግዶቹ መጡ፣ አደነቁ፣ ሄዱ። ዋዛዎቹ ግን ድዳ ሆኑ። ከዝናብ በፊት ነፋስ ሲነሳ መስኮቶቹን በሙሉ እከፍት ነበር። ወረቀት ይበተናል፣ በር ይማታል፣ እነሱ ዝም። አቶ ጁምዓ በየገበያው ቀን እየመጡ ከግድግዳው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። ሻይ ሲቀርብላቸው ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ሳምንት ቀሩ። በእሳቸው ፋንታ ዘይነባ መጣች።

ዘይነባ ከወርቅ ነጋዴዎች ጋር ስትከራከር የኖረች ስለሆነች አማርኛዋ ከባሏ ይሻል ነበር። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

«ስድስቱን ወስዳችሁ አንዱን ለምን ተዋችሁት?»

ምንም እንዳልተውን ነገርኳት።

«አለ» አለች። «ባዶ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ይነፋል። ተራውን ነፍቶ ይጠብቃል። የሚመልስለት የለም። እንደገና ይነፋል። ጁምዓ እህል አይቀምስም።»

እሷ ከሄደች በኋላ ቅጽ አወጣሁና «ስድስት ዋዛ ለጥገና ወደ ባለቤታቸው እንዲመለሱ» ብዬ ሞላሁ። የጥገናው ዓይነት፣ ጊዜው፣ ምንም የለበትም። መመሪያ በቃላቸው የሚያውቁት አቶ የሻው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወደ ኤግዚቢሽኑ በር ተመለከቱ።

«እነዚህ ከመጡ ወዲህ» አሉ፣ «በዚያ በኩል ሳልፍ ሰው ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።» ፈረሙልኝ።

መንገዱ ጭቃ ሆኖ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። አቶ ጁምዓ ከስተው፣ ጋቢ ለብሰው አገኘኋቸው። ዋዛዎቹን ሲያዩ አልተነሱም፤ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። አብረን ሰቀልናቸው። እየተመለስኩ ሳለ ነፋስ ተነሳ፤ ሾፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ ለመንኩት። ሰባት ነበር።

በመስከረም መጨረሻ አንድ የኩርሙክ ነጋዴ በአህያ ጭነት ላይ ዋዛ አስሮ መንደሩ ደረሰ። የሐምዳንን መርዶ ይዞ መጣ። በተሻገረ በዓመቱ፣ በክረምት፣ በወባ ሞቷል፤ ዋዛው ለወንድሙ እንዲደርስ አደራ ብሎ ነበር፣ መንገድ እስኪከፈት ቆየ። ወሬውን ሰምቼ ለለቅሶ ሄድኩ። ዓመቱን በልቤ አሰላሁት፣ እሳቸውም ያሰሉት ይመስለኛል፤ ሰባተኛው ድምፅ መጀመሪያ የመጣው በዚያው ክረምት ነው።  ሰባተኛው ዋዛ በኩላቡ ተሰቅሏል። እኔ ቅጽ አልያዝኩም ነበር፤ እሳቸው ግን ልሸኝ ስነሳ ያልጠበቅኩትን አሉኝ።

«ማሽላ ሲታጨድ ና። የሐምዳንን አንተ ትነፋለህ። አንተ ሰምተሃል።»

በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣ አውድማው ላይ ሰባት ወንዶች ተሰለፍን። ስድስቱ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። አቶ ጁምዓ ዋዛዎቹን ለየሰው አደሉ፤ የራሳቸውን ትልቁን በመጨረሻ ለጎረቤታቸው አቀበሉ። ጎረቤቱ ያዘው፣ እሳቸው ግን አልለቀቁም። ሁለቱም ይዘውት ቆሙ። ማንም አላስቸኮላቸውም። ዘይነባ መጥታ እጇን በክንዳቸው ላይ ስታኖር ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተፈቱ፤ ሄደው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ለሁለት ሳምንት በየቅዳሜው እየሄድኩ ተምሬ ነበር። ቢሆንም ዙሩ ሲፈጥን፣ እግር መሬት ሲመታ፣ አቧራው ሲነሳ ቆጠራው ጠፋብኝ። ተራዬ ሲደርስ ዋዛው ደረቴ ላይ ነበር፣ አፌም ክፍት። ድምፁ መጣ። በቦታው፣ በልኩ፣ ከእኔ አጠገብ። ቅሉ በመዳፌ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ማንም ዞሮ አላየኝም። ከዚያ በኋላ ያለውን ዙር በሙሉ ከፍርሃት የተነሳ አንዲት ተራ ሳላስተጓጉል ነፋሁ።

ሲያበቃ ሰዎቹ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ «ሀበሻው ጎበዝ ነው» ተባባሉ። አቶ ጁምዓ አጠገብ ቁጢጥ አልኩና አንዱን ድምፅ እኔ እንዳልነፋሁት ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሐምዳንም ትንሽ ይዘገይ ነበር። አንተም ትዘገያለህ። ችግር የለም።»

ጥር ላይ፣ ለሁለት ዓመት ስማጸንበት የነበረው የዝውውር ደብዳቤ ከጎንደር ደረሰ። አቶ የሻው እንኳን ደስ አለህ ብለው ሰጡኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼው ከሰዓቱን ሙሉ ቆየሁ፤ ከዚያ ዝውውሩ በአንድ ዓመት እንዲራዘምልኝ ማመልከቻ ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የመኸር ሥራ ስላለብኝ» ብዬ ሞላሁ።