ሦስት ነጥብ፣ ሁለት አውራ ጣት

ስም ዝርዝሩን ላስቀድም፤ ተጎጂው ሳይታወቅ ጥፋት አይነገርም።

ልጄ ሳምራዊት፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ፤ የስልክ ጨዋታ የሠራችው እሷ ናት። ጓደኛዋ ነዒማ፤ ለጨዋታው ፈጣን ዘፈን ያቀናበረችው። የነዒማ አባት አቶ ሰዒድ፤ ጣና ዳር ጀልባ ይሠራሉ። አራተኛው እኔ ጌታነህ፤ የፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ፣ ሁሉን ያለ አስተማሪ የተማርሁ፣ ዛሬ ፋሲሎ ሰፈር የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ በሰው ፊት የተዋረድሁ።

ምን እንዳደረግሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ጨዋታው ቀላል ነው። በአራት መስመር ነጥቦች ይወርዳሉ፤ ታች ሲደርሱ ከምቱ ጋር እኩል መንካት ነው። አምስት ነጥብ ካመለጠህ ዘፈኑ ይቆማል። የትኛው ነጥብ በየትኛው ምት ላይ ይውረድ የሚለውን የምወስነው እኔ ነበርሁ።

ማን ሾመህ? ራሴ!

ሁለት ሳምንት ቪዲዮ እያየሁ ተማርሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሊቅ ሆንሁ።

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ገጽ ላይ «የዛሬ ልጅ ሳይፈተን ማለፍ ይፈልጋል» ብዬ የጻፍሁትን ታስታውሳላችሁ? ላይክ ያደረጋችሁ፣ እባካችሁ መልሳችሁ ውሰዱት።

ዛሬ ወጣቶች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቀን ነበር። ጎብኚው አብልጦ የወደደውን የሠሩ ልጆች በአዳራሹ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ጠረጴዛና ኮምፒውተር ያገኛሉ። ሁለቱ ልጆች ይህን ሲመኙ ወራት ሆኗቸዋል። ቤት ያለው አንድ ላፕቶፕ የእኔ ነው፤ ሲያሰኘኝ ከእጃቸው እቀማለሁ።

አቶ ሰዒድ የመጡት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ነዒማ የመዶሻቸውን ድምፅ ቀድታ ከዘፈኑ መጨረሻ አስገብታዋለች። እሳቸው ገና አልሰሙትም። «እዚያው ትሰማዋለህ፣ አባ» ብላ ሥራ አስፈትታ አመጣቻቸው። የጣውላው ብናኝ ከልብሳቸው ላይ አልተራገፈም ነበር።

የመጀመሪያው ተጫዋች አርባኛው ሰከንድ ላይ ወደቀ። ሁለተኛዋም እዚያው። ሦስተኛውም!

እኔ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሜ ምክር ጀመርሁ። «ልምምድ ነው! ትኩረት! እኛ በእናንተ ዕድሜ...»

አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ሦስት ነጥብ እኩል ሲወርድባት ሁለቱን በሁለት አውራ ጣቷ ነካች። ሦስተኛውን በአፍንጫዋ!

እውነቴን ነው። በአፍንጫዋ!

ቀጣዩ ሦስት ነጥብ ሲመጣ ግን አፍንጫዋ ዘገየ። አዳራሹ ሳቀ። እሷ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ይህን የሠራው ሰው ስንት እጅ አለው?» አለችኝ።

«አምጪው!» አልሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ ልጀምር ስል ሳምራዊት እጄን ያዘች። «እንደ ሰው ያዘው፣ አባዬ። በመዳፍህ።»

ያዝሁት። ያን ጊዜ ገባኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ በአራት ጣት ነበር የሞከርሁት። ሌላው ሰው ሁሉ ስልኩን በመዳፉ ይዞ በአውራ ጣት ነው የሚጫወተው። አውራ ጣት ደግሞ ሁለት ነው። እኔ ሦስት ነጥብ እኩል አወርዳለሁ!

ወደቅሁ። ሦስቱ ነጥብ ጋ እንኳ ሳልደርስ።

አቶ ሰዒድ ጢማቸውን እያሻሹ «አቶ ጌታነህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ጀልባ ብሠራ ደንበኞቼ ሁሉ የዓሣ ቀለብ ሆነው ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «መዶሻዬስ? ገና ነው?» ሲሉ ነዒማ አንገቷን ደፋች። ከሳቁ ሁሉ ይልቅ የወጋኝ ያ አንገት መድፋቷ ነው።

የባሰውንም ልናገር። ሰው ስመክር ኖሬ የራሴን መደበቅ አይገባም። ሳምራዊት ነግራኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት «አባዬ፣ ይሄ በአውራ ጣት አይቻልም» ስትለኝ «ሰነፍ ምክንያት አያጣም» ብዬ ከፊቴ አስነሣኋት።

እሷ ግን ተደብቃ የራሷን የነጥብ አወራረድ አዘጋጅታ ኖሯል። በአንድ ጊዜ ቢበዛ ሁለት ነጥብ፤ አስቸጋሪው ቦታም ጆሮ አስቀድሞ የሚጠብቀው ምት ላይ። አሁንም ከባድ ነው፤ ግን አያታልልም። ስልኩን ከእጄ ወስዳ የእኔን አጠፋች፣ የራሷን ጫነች። ያቺ የኮሌጅ ተማሪ በሦስተኛው ሙከራዋ ዘፈኑን ጨረሰችው። አፍንጫዋን ሳታስቸግር!

መዶሻው ሲመጣ አቶ ሰዒድ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «ይቺስ የጎኑን ጣውላ ስመታ ነው» አሉ። ነዒማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አብዛኛው ጎብኚ ድምፁን ሰጥቶ ሄዷል። ጠረጴዛውንና ኮምፒውተሩን የዶሮ ጫጩት ማሞቂያ የሠሩ ልጆች ወሰዱት። ሳምራዊት አላለቀሰችም፤ ቢያንስ እኔ እያየሁ አላለቀሰችም።

እንግዲህ ጥፋቴ ያስከፈለውን ስደምረው፦ አቶ ሰዒድን የግማሽ ቀን ሥራ፤ ነዒማን በሙሉ አዳራሽ ፊት የሚገባትን ጭብጨባ፤ ሳምራዊትን የክረምቱን ኮምፒውተር፤ እኔን ለልጆቹ ያስረከብሁትን ላፕቶፔን፣ እስከ መስከረም።

አጥፊው አንድ፣ ከፋዩ አራት!