አማት ለማምጣት የተሻሻለች መኪና

የሰው ልጅ ከሌላው ፍጥረት የሚለየው፣ ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ ስለማይሆንለት ነው። ፍየል ጥሩ ቅጠል ስታገኝ ትበላለች፤ ቅጠሉን ላሻሽለው አትልም። ለዚህም ነው ፍየል እስከ ዛሬ ፍየል ሆና የቀረችው። የእህቴ ባል ግን ሰው ናቸው፤ ያውም ኃላፊ የነበሩ ሰው። ጡረታ ሲወጡ ሥልጣኑ ተመለሰ እንጂ ስሙ አልተመለሰም፤ ዛሬም ሰፈሩ «ኃላፊው» ነው የሚላቸው። እኔ ደግሞ ጓሯቸው ባለችው ክፍል የምኖር፣ ከማዕዳቸው የምቋደስ የሚስታቸው ወንድም ነኝ። ስለዚህ ስለ ሥራቸው ለመመስከር ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። ውለታ ያለበት ሰው መቼም አይዋሽም።

ኃላፊው በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት አንዲት አሮጌ መኪና አለቻቸው። በሥልጣን ዘመናቸው የመሥሪያ ቤቱ ነበረች፤ ጡረታ ሲወጡ በሐራጅ የእሳቸው ሆነች። ያኔ እናታችንን ከገጠር ስታመላልስ አንድ ቀን እንኳ እንቢ ብላ አታውቅም። ጉዞው «የመስክ ጉብኝት» ይባል ነበር፤ ሹፌሩም ነዳጁም የመሥሪያ ቤቱ ነበሩ። የሚጎበኘው መስክ እናታችን ቤት መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው።

እናታችን የምትኖረው ከዋናው መንገድ ርቆ፣ ከአንድ ክፉ ማጥ በላይ ባለ ጉብታ ላይ ነው። አንደኛው ዐይኗ በሞራ ተጋርዶ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም እየደበዘዘ ነው። ሐኪሙ መርምሮ፣ ለቀዶ ሕክምናው ቀን ቆረጠላት። «ይህ ቀጠሮ ካለፈ ወረፋው ለሚመጣው ዓመት ነው፤ ዐይናቸው ግን እስከዚያ አይጠብቅም» አለን። እሷ የምትመኘው ብዙ አይደለም፤ መርፌዋ ላይ ክሯን ራሷ ማስገባት ብቻ። ጎረቤት ጠርታ «እስቲ ይቺን ክር አስገቡልኝ» ማለት አንገቷን ያስደፋታል።

ታላቁ ውርደት የደረሰብን ታዲያ ለዚያ ለምርመራው ልናመጣት የሄድን ጊዜ ነው። ኃላፊው ማጡ ዳር ሲደርሱ ከመሪው አጠገብ ያለችውን አጭር ማርሽ ወደ ኋላ ሳቡና «አሁን በአራቱም ነው የምትሄደው» አሉኝ። መኪናዋ መሃል ስትደርስ ቁጭ አለች። የኋላ ጎማዎቿ ጭቃ ሲረጩ አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎቹን ነድቶ ወረደ፤ ጎትቶም አወጣን። ከዚያ፣ «ከእርሻ መልስ ሆነውብኝ ነው እንጂ ቶሎ ያወጧችሁ ነበር፤ ይቅርታ» አለ። ጭቃው አይደለም፣ ይቺ ይቅርታ ናት ኃላፊውን የገደለቻቸው።

ቤት እንደገቡ «መኪናዋ የአቅም ክፍተት አለባት» ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። እሳቸው ሰብሳቢ፣ እኔ አባል፣ እህቴ ደግሞ ድምፅ የማትሰጥ ታዛቢ። እህቴ ይህን ድምፅ አለመስጠት እስከ ዛሬ አልለመደችውም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!» ብለው ጀመሩ በረንዳው ላይ ቆመው። «ችግሩ የከፍታ ችግር ነው። ማጡ ያለው ከታች ነው። እኛ ከፍ ካልን ማጡ ምን ያደርገናል?»

«ጎማዋስ? ጎማዋ መሬት አይነካም?» አለች እህቴ።

«አስተያየትሽ ተይዟል።»

በኮሚቴያችን አንዴ የተያዘ አስተያየት ተመልሶ ተፈትቶ አያውቅም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ «ማንሳት» ተባለ። ሥራውን የወሰደው አጥር የሚያዋስነን የብረት በር ሠሪ ነው፤ ብየዳው እንለዋለን። ብየዳው በዘመኑ መኪና ነክቶ ባያውቅም «ብረት ያው ብረት ነው» የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ከወዳደቀ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ያንን መኪናን ከሥር የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ ፈቶ አምጥቶ በመኪናዋ ባሌስትራ ላይ ደረበ፤ ያልበቃው ጊዜ ለሰው በር ያዘጋጀውን ብረት ጨመረበት። መኪናዋ ከፍ አለች፣ ከፍ አለች፣ ግቢያችን ቆማ የጎረቤትን ጓሮ ማየት ጀመረች። ኃላፊው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞሯት። «አሁን መኪና መሰለች!» አሉ። ሊገቡባት ሲሉ ግን እግራቸው አልደርስ አለ። ብየዳው የብረት መሰላል ሠራ፤ መሰላሉን የማቆምና የማንሳት ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። ሹመት ነውና ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱን በራሱ ይመራ ጀመር። ከፍ ላለች መኪና ትንሽ ጎማ አያምርም ተባለና ግዙፍ ጎማ ገባ። ግዙፉ ጎማ ከላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ እየፋቀ አልዞር ሲል ፓራፋንጎው ተቆረጠ። እንግዲህ ጭቃው እስከ መስኮት ይረጫል ተባለና መስኮቶቹ፣ በሹፌሩ በኩል አንገት የሚያስወጣ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶ፣ በላሜራ ተሸፈኑ። ውስጡ ሲጨልም ጣሪያው ላይ መደዳ መብራት ተተከለ፤ መብራቱ የሚያበራው ወደ ውጭ መሆኑን ያነሳ አባል አልነበረም። ይህን ሁሉ የምትሸከም መኪና ነዳጅ እንደ ውሃ ስትጠጣ፣ ጣሪያዋ ላይ የነዳጅ በርሜል ወጣ። በርሜሉ ሲወጣ ክብደቷ በዛ። ክብደት ለመቀነስ ወንበሮቿ በሙሉ ወለቁ፤ የሹፌሩ ብቻ ቀረ። ይህን «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚል አላዋቂ አይጠፋም፤ እኛ ግን «የምዕራፎች ቅንጅት» ነው ያልነው። የወለቁት ወንበሮች በረንዳው ላይ ተደርድረው የኮሚቴው ስብሰባ ምቾት አገኘ።

እህቴ ከኋላ ወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተቀምጣ መኪናዋን ስታይ ቆየችና ዘወር አለች። «ቆይ፣ እማዬ የት ልትቀመጥ ነው?»

«ጥያቄው ወቅታዊ ነው» አሉ ኃላፊው።

«ኧረ በሕግ! ይሄ ሁሉ የሚሠራው ለማን ነው?»

«ለእማማ ነዋ!»

«እና እሷ የት ትግባ?»

«እሱ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው። አሁን የምንነጋገረው ስለ አቅጣጫ ነው።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ እናትህ አይደለችም? አንድ ነገር በል እንጂ!»

እኔ ምን ልበል? የምተኛው በእሳቸው ጣሪያ ሥር ነው። «ጋሼ ያሉት ጥልቅ ነው» አልኩ። እህቴ ያን ቀን ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝለትም።

የመጨረሻው ምዕራፍ መጎተቻው ነበር። ብየዳው ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ አሮጌ ሞተር ከብረት ገመድ ጋር አምጥቶ መኪናዋ ግንባር ላይ ገጠመው። መኪና ማጥ ውስጥ ስትገባ ገመዱን ጠንካራ ነገር ላይ አስሮ ራሷን በራሷ እንድትስብ ነው። በግቢያችን ያለው ጠንካራ ነገር ደግሞ የበረንዳው ምሰሶ ነው። ኃላፊው ገመዱን እዚያ አሳሰሩና «ሳብ!» አሉ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ምሰሶው መጣ። ምሰሶውን ተከትሎ የበረንዳው ጣሪያ፣ ጣሪያውን ተከትላ እህቴ ከጓዳ ወጣች።

«ቤቴን! ቤቴን ጎትተህ ጨረስከው!»

«ሙከራው ተሳክቷል» አሉ ኃላፊው አቧራውን ከግንባራቸው እየጠረጉ፤ «ገመዱ አልተበጠሰም።» ብየዳው አዲስ ምሰሶ እንዲሠራ እዚያው ታዘዘ። እግዜር ይስጠው፣ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

እንዲህ እያልን ቀጠሮው ደረሰ። በዋዜማው ማለዳ ኃላፊው መሰላሉን ወጥተው ወንበራቸው ላይ ተሰየሙ፤ እኔ ከኋላቸው የመፍቻ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ አጥሩ ጋ ቆማ «እማዬን ሳትይዙ እንዳትመለሱ!» አለች። ድምፅዋ ውስጥ እንባ ነበረበት፤ ቀልድ የምትችልበት ጊዜ አልፎ ነበር። መንገዱን ሁሉ ባሌስትራው ጥርሴን እያንቀጫቀጨው ማጡ ዳር ደረስን። ኃላፊው አጭሯን ማርሽ ሳቡ። «ተመልከት እንግዲህ» አሉኝ።

ተመለከትኩ። መኪናዋ ያው ባለፈው የተቀመጠችበት ቦታ ሄዳ ተቀመጠች። የኋላ ጎማዎቿ ሲሽከረከሩ ጎማው ትልቅ ስለሆነ ጉድጓዱም ትልቅ ሆነ። «መጎተቻው!» አሉ ኃላፊው። ዙሪያውን አየን። ገመድ የሚታሰርበት አንድ ዛፍ እንኳ የለም፤ አገሩ በረንዳም የለው።

ያ ገበሬ ከጉብታው ወረደ። «ዛሬም መጣችሁ? በሬዎቹን ላምጣ?»

«አያስፈልግም! ይህቺ የተሻሻለች ናት» አሉ ኃላፊው ከላይ።

«እሱስ ያስታውቃል» አለ ገበሬው አንጋጦ እያየ። «ዛሬ ብዙዋ ከጭቃው ውጪ ነው።»

በዚህ መሃል እናታችን የሞተሩን ድምፅ ሰምታ፣ ጥቅልሏን በብብቷ ይዛ በበትሯ መሬቱን እየዳሰሰች ወረደች። ማጡ ዳር ስትደርስ ቆመችና ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ልጆቼ፣ ሹፌሩ የለም እንዴ?»

«የቱ ሹፌር እማዬ?»

«ያ ደጉ ልጅ ነዋ፣ ድሮ የሚያመላልሰኝ። እዚህ ከመግባቱ በፊት ይወርድና የፊት ጎማው መሃል ላይ ያለችውን ክብ ነገር እንደ ጣሳ ክዳን ይጠመዝዛታል። በዚህም፣ በዚያም ጎን።»

ኃላፊው በላሜራው ቀዳዳ አንገታቸውን አወጡ። «እማማ፣ እሱ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። እሱ ከጠመዘዛት በኋላ ግን ቆመን አናውቅም። አንተ ያኔ ከኋላ ተቀምጠህ ጋዜጣህን ታነብ ነበር።»

ጭቃው ውስጥ ወርጄ፣ በዳበሳ አንዷን ጠመዘዝኩ፤ ቀጭ አለች። ዞሬ ሌላዋን ጠመዘዝኩ፤ እሷም ቀጭ። ኃላፊው ነዳጅ ሰጡ። ለካ እነዚያ ካልተጠመዘዙ ማርሹ ብቻውን የፊት ጎማዎቹን አያዞርም፤ ኃላፊው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፊት ጎማዎቹ መሬት ቧጠጡና መኪናዋ ከማጡ እየተንደረደረች ወጣች። ገበሬው አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብ አቃተኝ። ግማሽ ዐይን የቀራት አሮጊት ያየችውን እኛ በአራት ዐይን አላየንም፤ ባሌስትራው፣ በርሜሉ፣ የፈረሰው በረንዳ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ታየኝ።

«ማሻሻያው ፍሬ አፈራ!» አሉ ኃላፊው። «እማማ፣ ይግቡ!»

መሰላሉን አቆምኩ። እናታችን በእጇ ዳሰሰችው፤ አንዱን ደረጃ፣ ሌላውን ደረጃ፣ ከዚያ እጇ የማይደርስበትን። ጉልበቷ አይታጠፍላትም። ከታች ልደግፋት ሞከርኩ፤ መሃል ላይ ስትደርስ ትከሻዬን ጨበጠች።

«አውርደኝ ልጄ። እኔ የማስጠግነው ዐይኔን ነው፤ ወገቤን ሰብሬ ልሂድ እንዴ?»

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ቀጠሮው በማግስቱ ጠዋት ነው። እናቴ በትሯን ጨብጣ ቆመች፤ ዓመቱን ሙሉ ክር የሚያስገባላት ሰው ስትጠራ ታየኝ። ያን ጊዜ ገበሬው ወደ ላይ ሮጦ በቅሎውን ይዞ መጣ። እናታችንን አንድ ድንጋይ ላይ አቆማት፣ ብድግ አድርጎም በቅሎዋ ላይ አስቀመጣት። በቅሎዋ አልተሻሻለችም ነበር። እስከ ዋናው መንገድ ልጓሙን እኔ ያዝኩ፣ ገበሬው ከጎን ደገፋት፣ ኃላፊው ደግሞ ገና ሳይመሽ መብራታቸውን ሁሉ አብርተው በአንደኛ ማርሽ ከኋላ አጀቡን። ዋናው መንገድ ላይ የመጨረሻው አውቶቡስ ደረሰልን። ኃላፊው የኋላ ኋላ ለጎረቤት ሲያወሩ ይህን «የተቀናጀ የትራንስፖርት አገልግሎት» ብለውታል።

ቀዶ ሕክምናው በሰዓቱ ተሠራ። ፋሻው በተነሳ ዕለት እናታችን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ከጥቅልሏ መርፌና ክር አወጣች። ክሩን በከንፈሯ አረጠበችው፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችና በአንድ ጊዜ አሳለፈችው። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩ።

ደግፈናት ወደ ግቢው ስንወጣ መኪናዋ በሩ ፊት ቆማለች። በሽተኛው፣ አስታማሚው፣ ዘበኛው ከቧታል። ኃላፊው ከላይ ሆነው እጃቸውን አወጡ።

«እማማ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ወደ ቤት እኔ ነኝ የምወስድዎት። አወጣጡን በሚመለከት ኮሚቴው ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛ፣ መሰላሉን ማርዘም። ሁለተኛ፣ እርስዎን ወንበር ላይ አስቀምጦ በመጎተቻው ወደ ላይ መሳብ።»

«እግዚኦ!» አለች እህቴ።

እናታችን ለብዙ ዓመት በጭላንጭል ያየቻቸውን አማቿን በአዲሱ ዐይኗ በደንብ አየቻቸው። ከግዙፎቹ ጎማዎች ጀመረች፣ በተቆረጠው ፓራፋንጎ አለፈች፣ ላሜራውን አየች፣ በርሜሉን አየች፣ መጨረሻ ላይ እሳቸው ላይ አረፈች። ብዙ ቆየች።

«ልጄ» አለች፣ «እኔን ተወኝና አንተ ውረድ።»

መሰላሉን ሮጬ አቆምኩ። ኃላፊው ወደ ታች አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ክራባታቸውን አስተካከሉ።

«እማማ፣ ሐሳብዎ በጣም ጥሩ ነው» አሉ፤ «ግን መውረድ በዘንድሮው ዕቅድ አልተያዘም።»