የሸማ ተራዋ ቱሪስት

«እኔም ቱሪስት ነኝ» አሉ እትዬ አስካለ፣ የሱቃቸውን ቁልፍ መቀነታቸው ላይ እየቋጠሩ።

«የት አገር ቱሪስት?» አልኳቸው።

«የሸማ ተራ። ምነው፣ ፓስፖርት ላሳይህ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወዳጄ ከውጭ የመጡ ባልና ሚስት አደራ ሰጥቶኝ፣ እነሱ ደግሞ የመርካቶውን ትልቁን መስጊድ ካላየን ብለው፣ ለሴትዮዋ መከናነቢያ ነጠላ ልንገዛ እትዬ አስካለ ሱቅ ጎራ አልን። እትዬ አስካለ ከመስጊዱ ብዙ በማይርቅ ሱቅ ሠላሳ ዓመት ነጠላ ሸጠዋል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ከእሳቸው ገዝቶ፣ ተከናንቦ፣ ገብቶ፣ አይቶ ይወጣል። እሳቸው ጠዋት ራጉኤል ተሳልመው ይመጣሉ፤ ቀን ጎረቤቶቻቸው ሊሰግዱ ሲሄዱ «አስካለ፣ ዐይንሽን ጣል አድርጊበት» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይጥላሉ። ዐይናቸው ሱቅ ሲጠብቅ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ቅዳሜ ደግሞ ሱቁን አስረክበው፣ ከተማው ጫፍ ላይ ካለው የልጃቸው ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ነው። ከዚያ ወዲያ መርካቶ ለእሳቸው ሦስት ታክሲ የሚያዝለት አገር ነው።

መቼም እናንተም ከእኛ አትሻሉም። የሰፈር ሰው በሩ ላይ ያለውን ነገር የሚያየው እንግዳ ሲመጣበት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኛ እንኳን ከመዳብም አልቆጠርነው። መዳብማ መርካቶ ውስጥ ይመዘናል።

እኔ ራሴ አዛን ሰምቼ ሰዓቴን የማስተካክል፣ «ሚናራውን አልፈህ ወደ ቀኝ» እያልኩ ሰው የምመራ የመርካቶ ልጅ ስሆን ከመስጊዱ በር አልፌ አላውቅም። ለእንግዶቹ ግን መንገዱን ሙሉ ስለ ውስጡ ሳስረዳ ነበር። ያላየ ሰው ሲያስረዳ የሚያቋርጠው ነገር የለም።

በሩ ላይ ጥበቃው ከድር እንግዶቹን በፈገግታ ተቀበላቸው። እትዬ አስካለን ሲያይ ግን ግራ ተጋባ።

«እትዬ አስካለ! ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም አልጠፋብኝ። ለማየት ነው የመጣሁት።»

«እርስዎ?»

«እነዚህ ከአውሮፕላን የወረዱት ትናንት ነው፤ ይገባሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት እዚህ ስቀመጥ ማን ግቢ አለኝ?»

«በድምፅ ማጉያ በቀን አምስት ጊዜ ስንጣራ ምን ይሰሙ ነበር ታዲያ?»

«እሺ፣ እዚህ ላይ ረታኸኝ» አሉ እትዬ አስካለ። ሸማ ተራ ይህን ቢሰማ አያምንም።

በሴቶች በኩል ወዳለው በር ወሰደን። ጫማ ማውለቁ ለእትዬ አስካለ ብርቅ አይደለም፤ ከእንግዳዋ ቀድመው አወለቁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ደፉን ሊረግጡ ሲሉ ቀኝ እጃቸው ማንንም ሳያስፈቅድ ተነሣ። ግንባር። ደረት። ግራ ትከሻ። ቀኝ ትከሻ። ጎንበስ አሉና የመስጊዱን በር መቃን ሳሙ።



እንግዳዋ የቤቱ ሥርዓት መስሏት ግንባሯን ነካች፣ ደረቷን ነካች፣ እሷም መቃኑን ሳመች። ባልየው ተራው የደረሰ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ። እኔ፣ ሁሉን አዋቂው አስጎብኚ፣ የራሴን ካልሲ ስመረምር ነበር።

እትዬ አስካለ ያደረጉት የገባቸው እንግዳዋን ሲያዩ ነው።

«ውይ በሞትኩት! ቆይቼ ቆይቼ የሰው ቤት መጥቼ…» ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አነሡ። «በል እንሂድ ልጄ። አየሁት። በቃኝ።»

ምኑን አዩት? ከመቃኑ በቀር ያዩት የለም። አሁን ከወጡ ደግሞ ተመልሰው እንደማይመጡ እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

ከድር መቃኑን አየ። እትዬ አስካለን አየ። እንግዳዋን አየ። ሰው የሚናገረውን ሲመርጥ ቆሞ ማየት እንዴት እንደሚያስጨንቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ቀለሙ ትናንት ነው የተቀባው። አፍዎን ይጥረጉ።»

እውነትም የሁለቱም ሴቶች ከንፈር አረንጓዴ ሆኗል።

ከውስጥ አንዲት ሴት መሐረብ ይዛ ብቅ አለች። ሳቋን ለመዋጥ እየታገለች አፋቸውን ጠረገችላቸው፤ ጫማቸውን ከእጃቸው ተቀብላ መደርደሪያው ላይ መለሰችው፤ ክንዳቸውን ያዘች። «ይግቡ እንጂ እናቴ፣ ነፋስ ላይ ቆሙ እኮ።»

እትዬ አስካለ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ገቡ። እንግዳዋም ተከተለቻቸው።

እኔም ልከተል አንድ እግሬን ሳነሣ ከድር ክንዱን ዘረጋብኝ።

«ወንዶች በዚያ በኩል።»

በሩ ተዘጋ።