ተሰምቶ ያላለቀው ዘፈን

የሮክ ሙዚቃ አፍቃሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እግዜር ይጠብቃችሁ። እኔ አሶሳ ባለው ግቢዬ ለሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች አንድ ቤት አከራይቻለሁ። ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ ዳዊት ከጎንደር፣ ኦብሳ ከወለጋ። ያወዳጃቸው ከእነሱ በፊት የተወለደ አንድ የሮክ አልበም ነው። ሊያቆራርጣቸው የደረሰውም እሱው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ኦብሳ ፍራሹን ጠቅልሎ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር አወጣ።

"በቃ እማማ፣ ከእሱ ጋር አልኖርም! ያንን አልቃሻ የመጨረሻ ዘፈን የአልበሙ ነፍስ ነው ይለኛል።"

"ጆሮ የሌለህ!" አለ ዳዊት ቡጢውን ጨብጦ እየቀረበ።

ሰው በዘፈን ይደባደባል? አንድ እርምጃ ነበር የቀራቸው። እዚህ አገር ደግሞ አንዱ ቢታመም ከሌላው በቀር ጠያቂ ዘመድ የለውም።

"ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድም! ዘፈኑን ክፈቱት!" አልኩ።

ተከፈተ። ዳዊት ወዲያው "እዚህ ጋ ጊታሩን ይስሙልኝ" እያለ ያወራበት ጀመር፤ ኦብሳ ሊዘለው እጁን ሰደደ። ሁለቱንም በምርኩዜ መለስኳቸው። ለካ አንዱ እያወራበት፣ ሌላው እየዘለለው፣ እስከ መጨረሻው የሰማው የለም!

ዘፈኑ ሲያልቅ ኦብሳ ወደ ዳዊት ዞረ።

"መጨረሻው ላይ እንዲህ ይጮኻል እንዴ? ለካ እውነትም ነፍስ አለው!" አለ።

"እኔም አላውቅም ነበር" አለ ዳዊት። ፍራሹን አብረው አስገቡት።

እኔ ግን ዳኛ ሆኜ ፍርዴን አልውጥም። "ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ዘፈን ግን ይበልጠዋል" አልኳቸው።

ይኸው እስከ ዛሬ ሁለቱ አንድ ሆነው እኔን አኩርፈውኛል። ያኩርፉ! የመጀመሪያው ይበልጣል።